የአክሲዮን ዕድገት መረጃ መሣሪያ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ወኪል እንዴት ይገለጻል?

ይህ ጽሑፍ ከላይ ሲታይ ስለ ገንዘብ የሚያወራ ይመስላል። ዋናው ጉዳዩ ግን አጻጻፍ ነው። ይኸውም ያልገባውን ነገር እጁን አውጥቶ ለማይጠይቅ አንባቢ መመሪያ እንዴት ይጻፋል? የሚለው ነው። የፈተና ትእዛዝ የሚያዘጋጅ መምህር ይህን ችግር ያውቀዋል። ተማሪው በፈተና ክፍል ውስጥ የሚያገኘው ወረቀቱ ላይ የሰፈረውን ብቻ ነው፤ መምህሩ በልቡ ያሰበውን አያገኝም። ዛሬ ደግሞ ከተማሪም የባሰ አንባቢ መጥቷል። አልገባኝም ብሎ አይጨነቅም፤ ፊቱም አይለዋወጥም። ብዙውን ጊዜ የመሰለውን ይዞ በሙሉ ልብ ይመልሳል።

ይህ አንባቢ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ወኪል፣ በተለምዶ ኤጀንት የሚባለው ነው። ምን እንደሆነ በአጭሩ እንግለጽ። የቋንቋ ሞዴል የሚባለው ፕሮግራም ከብዙ ጽሑፍ ተምሮ ራሱ ጽሑፍ የሚጽፍ ነው። ለብቻው ሲሆን የሚያውቀው ሥልጠናው እስካበቃበት ጊዜ ድረስ ያለውን ነው፤ ያንንም ቢሆን ቁጥር ላይ ሲደርስ ሊስት ይችላል። ስለዚህ መሣሪያ ይሰጠዋል። መሣሪያ ስንል መዶሻና መጋዝ ማለታችን አይደለም፤ መረጃ ፈልጎ የሚያመጣለት ሌላ ፕሮግራም ማለታችን ነው። እንግዲህ ሞዴሉ የሚያስፈልገውን መሣሪያ ራሱ መርጦ፣ አዝዞ፣ ውጤቱን አንብቦ ወደሚቀጥለው ሥራ የሚያልፍ ከሆነ ያን ጊዜ ወኪል ይባላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ሰው «አፕል የተባለው ኩባንያ በ2023 ምን ያህል አደገ?» ብሎ ይጠይቃል እንበል። ወኪሉ የተሰጡትን የመሣሪያዎች ዝርዝር ያያል። በዝርዝሩ ላይ የያንዳንዱ መሣሪያ ስም፣ አጭር መግለጫና መሞላት ያለባቸው ባዶ ቦታዎች አሉ። ያው ቀበሌ ሄደን እንደምንሞላው ቅጽ ማለት ነው። ወኪሉ ቅጹን ሞልቶ ይልካል፤ ፕሮግራሙ ፈልጎ መልሱን ይመልሳል፤ ወኪሉም መልሱን አንብቦ ለጠያቂው በሚገባው ቋንቋ ይጽፍለታል። ልብ በሉ፤ በተለመደው አሠራር ወኪሉ የፕሮግራሙን የውስጥ አሠራር አያይም። የሚያየው መግለጫውን፣ ቅጹንና የመጣለትን መልስ ብቻ ነው። በመሆኑም መግለጫው ከሥራው በኋላ ለወጉ ያህል የሚለጠፍ ወረቀት አይደለም፤ የመሣሪያው አንድ አካል ነው። ፕሮግራሙ ፍጹም ትክክል ሆኖ መግለጫው ግን ድፍን ከሆነ ጠያቂው የሚደርሰው ስሕተት ነው።

ይህ ዓይነቱ አሠራር የተስፋፋው በቅርቡ ነው። ኦፕን ኤ አይ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሞዴሎቹ የውጭ ፕሮግራሞችን እንዲጠሩ የሚያስችለውን መንገድ በጁን 2023 ለፕሮግራም ሠሪዎች አቀረበ። በኖቬምበር 2024 ደግሞ አንትሮፒክ የተባለው ሌላው ኩባንያ ኤም ሲ ፒ የተባለውን ደንብ ይፋ አደረገ። ደንቡ መሣሪያ ሠሪዎች ሁሉ ስሙን፣ መግለጫውንና ቅጹን በአንድ ዓይነት መልክ እንዲያቀርቡ የሚያደርግ ነው። አንድ ጊዜ በትክክል የተጻፈ መግለጫ ለብዙ ዓይነት ወኪል ያገለግላል፤ በስሕተት የተጻፈውም እንደዚሁ ብዙዎችን ያሳስታል። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። በእኛ አቆጣጠር ስንጠቅስ እንናገራለን።)

አሁን ወደ አክሲዮን እንምጣ። አክሲዮን የአንድ ኩባንያ ባለቤትነት ተከፋፍሎ የሚሸጥበት ድርሻ ነው። በአሜሪካ አክሲዮናቸው ለሕዝብ የሚሸጥ ኩባንያዎች ሒሳባቸውን ለአገሪቱ የሰነደ መዋዕለ ንዋይና ልውውጥ ኮሚሽን እንዲያስገቡ በሕግ ይገደዳሉ። የዓመቱ ሪፖርት 10-ኬ፣ የሩብ ዓመቱ ደግሞ 10-ኪው ይባላል። ኮሚሽኑ እነዚህን ሪፖርቶች ኤድጋር በተባለው የመረጃ መዝገቡ አማካይነት ለማንኛውም ሰው በነፃ ያሳያል። ብዙ የዕድገት መረጃ መሣሪያዎች የሚቀዱት ከዚሁ ምንጭ ነው፤ ያምናውንና የዘንድሮውን ቁጥር አወዳድረው ለውጡን በመቶኛ ያቀርባሉ። ይህ የባለጸጋ ጨዋታ ብቻ እንዳይመስለን። በዚያ አገር ፎር ኦ ዋን ኬ በሚባለው ዘዴ የተራው ሠራተኛ የጡረታ ቁጠባ ሳይቀር በአክሲዮን ላይ ይውላል። በአሜሪካ ተቀጥረው የሚሠሩ የአገራችን ልጆችም በዚሁ ውስጥ አሉበት። ከደመወዙ እየተቆረጠ የተጠራቀመለት ሰው ወኪሉን ጠይቆ በሚያገኘው ቁጥር ላይ ተመሥርቶ ይሸጣል፣ ይገዛል።

ታዲያ አንድ መሣሪያ ሠሪ እንዲህ ብሎ ጻፈ እንበል፦ «ይህ መሣሪያ የአክሲዮን ዕድገትን ያመጣል።» አለቀ። ሰዋስዉ ትክክል ነው፤ ውሸትም የለበትም። ግን የምን ዕድገት?

አፕልን እንውሰድ። ኩባንያው በ2022 የበጀት ዓመት 394.3 ቢሊዮን ዶላር ሸጦ ነበር፤ በ2023 የበጀት ዓመት 383.3 ቢሊዮን ሸጠ። ገቢው በ2.8 ከመቶ ቀንሷል ማለት ነው። የተጣራ ትርፉም ከ99.8 ቢሊዮን ወደ 97.0 ቢሊዮን ወረደ፤ ይህም ወደ 2.8 ከመቶ ግድም ነው። እስከዚህ ድረስ ሁለቱ ይስማማሉ። ነገር ግን ትርፉን ለአክሲዮኖቹ ቁጥር ስናካፍለው፣ ማለትም ለአንድ አክሲዮን የሚደርሰውን ስናይ፣ ከ6.11 ዶላር ወደ 6.13 ዶላር ከፍ ብሏል። ትርፉ ቀንሶ የአንዱ ድርሻ እንዴት ሊጨምር ቻለ? ምክንያቱ ኩባንያው በዚያው ዓመት የራሱን አክሲዮኖች ከገበያ እየገዛ ቁጥራቸውን መቀነሱ ነው። ዳቦው ጥቂት ቢያንስም የተቋዳሹ ቁጥር ይበልጥ አንሷል። በዚህ ላይ ደግሞ የአክሲዮኑ የገበያ ዋጋ ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር 2023 ድረስ ወደ 48 ከመቶ ግድም አድጓል።

እንግዲህ «አፕል በ2023 ምን ያህል አደገ?» ለሚለው አንድ ጥያቄ፣ 2.8 ቀነሰ፣ 0.3 ጨመረ፣ 48 ጨመረ የሚሉ መልሶች አሉ። ሁሉም እውነት ናቸው። መግለጫው የትኛውን እንደሚሰጥ ካልተናገረ ወኪሉ አንዱን አንሥቶ «ዕድገቱ ይህን ያህል ነው» ይላል። ጠያቂው ደግሞ ያሰበው ሌላውን ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የመግለጫው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር መሣሪያው ምን እንደሚሰጥ፣ ሁለተኛው ደግሞ ምን እንደማይሰጥ መናገር አለበት። በእኛ አስተያየት ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ከመጀመሪያው ይበልጣል። ሰው ያለውን ነገር መዘርዘር ይወዳል፤ የሌለውን ግን መጻፍ ይረሳል።

ሁለተኛው ጣጣ ዓመት የሚለው ቃል ነው። ይህን ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት አይከብድም። የመንግሥታችን የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ጀምሮ ሰኔ 30 ቀን እንደሚያልቅ፣ አዲሱ ዓመት ግን መስከረም 1 ቀን እንደሚገባ ሁላችንም እናውቃለን። የአሜሪካ ኩባንያዎችም እንዲሁ የየራሳቸው የበጀት ዓመት አላቸው። የአፕል በሴፕቴምበር መጨረሻ ገደማ ያልቃል፤ የማይክሮሶፍት በጁን 30 ነው። ከሁሉም የሚያደናግረው ኤንቪዲያ የተባለው የኮምፒውተር ቺፕ ሠሪ ነው። ይህ ኩባንያ «የ2024 የበጀት ዓመት» ብሎ የሚጠራው ጃንዋሪ 28 ቀን 2024 ላይ ያለቀውን ነው። በሌላ አነጋገር ከአሥራ ሁለቱ ወሮች አሥራ አንዱ በ2023 ውስጥ ናቸው።

ጉዳቱ ቀላል አይደለም። የኤንቪዲያ ገቢ በ2023 የበጀት ዓመት 27.0 ቢሊዮን፣ በ2024 የበጀት ዓመት 60.9 ቢሊዮን፣ በ2025 የበጀት ዓመት 130.5 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ዕድገቱ በመጀመሪያ 126 ከመቶ፣ ቀጥሎ 114 ከመቶ መሆኑ ነው። አሁን አንድ ሰው «በ2024 ምን ያህል አደገ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ወኪሉ 2024 የሚል ጽሑፍ ያለበትን ሣጥን ከፍቶ 126 ብሎ ይመልሳል። ጠያቂው ያሰበው ግን ተራውን የቀን መቁጠሪያ ከሆነ የሚቀርበው መልስ 114 ነው። ፕሮግራሙ አልተሳሳተም፤ ወኪሉም የታዘዘውን ነው ያደረገው። የጎደለው መግለጫው ላይ አንድ መስመር፣ መልሱ ላይ ደግሞ ሁለት ቀኖች ናቸው፤ ጊዜው የጀመረበትና ያለቀበት።

የሩብ ዓመትም ነገር እንደዚሁ ነው። አፕል የገናን በዓል ተከትሎ ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር ባለው ጊዜ ብዙ ይሸጣል። በዲሴምበር 2023 ባለቀው ሩብ ዓመት 119.6 ቢሊዮን ሸጦ በሚቀጥለው ሩብ 90.8 ቢሊዮን ሸጧል። ካለፈው ሩብ ጋር ብናወዳድረው 24 ከመቶ ወደቀ! ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ሩብ፣ ማለትም ከ94.8 ቢሊዮን ጋር ብናወዳድረው ግን የቀነሰው 4 ከመቶ ብቻ ነው። የበግ ነጋዴን የፋሲካ ሽያጭ ከግንቦቱ ጋር አወዳድሮ ከሰረ እንደማለት ነው። ቅጹ ላይ «ከምን ጋር ይወዳደር?» የሚል ቦታ ሊኖር ይገባል፤ ወኪሉ ባይሞላው የትኛው እንደሚወሰድም መጻፍ አለበት።

የሒሳብ መምህራኖቻችን ጥቂት ይታገሡንና አሁን ቀመሩ ራሱ የሚከዳባቸውን ሁለት ቦታዎች እናሳይ።

አንደኛው አክሲዮን ሲመነዘር ነው። ኩባንያዎች አንዳንድ ጊዜ አንዱን አክሲዮን ወደ ብዙ ይከፋፍሉታል፤ በእንግሊዝኛው ስፕሊት ይሉታል። አንድ የመቶ ብር ኖት በአሥር የአሥር ብር ኖቶች እንደ መመንዘር ያለ ነው፤ ሀብቱ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። ኤንቪዲያ በጁን 2024 አንዱን በአሥር መነዘረ። ከዚያ በፊት ባወጣው የ2024 የበጀት ዓመት ሪፖርት ለአንድ አክሲዮን የደረሰው ትርፍ 11.93 ዶላር ነበር። ከምንዛሪው በኋላ ባወጣው የ2025 የበጀት ዓመት ሪፖርት ደግሞ 2.94 ዶላር ነው። ሁለቱን እንዳሉ ብናወዳድር ትርፉ በ75 ከመቶ ተንኮታኮተ ያሰኛል። የፊተኛውን ቁጥር ለአሥር አካፍለን 1.19 ስናደርገው ግን ወደ 147 ከመቶ ገደማ አደገ ይሆናል። ከውድቀት ወደ እመርታ! መሣሪያው ቁጥሮቹን አስተካክሎ የሚሰጥ ከሆነ «ተስተካክሏል» የሚል ቃል፣ ካላስተካከለም «አልተስተካከለም» የሚል ቃል ያስፈልጋል። ካልተባለ ወኪሉ የተስተካከለውን ቁጥር ድጋሚ ለአሥር ሊያካፍለውም ይችላል እኮ።

ሁለተኛው መነሻው ኪሳራ ሲሆን ነው። የዕድገት ቀመር የታወቀ ነው፤ ከዘንድሮው ላይ ያምናውን ቀንሶ ላምናው ማካፈልና በመቶ ማባዛት። አንድ ነጋዴ አምና 10 ብር ከስሮ ዘንድሮ 20 ብር ቢያተርፍ፣ ልዩነቱ 30 ሲሆን ለአሉታዊ 10 ሲካፈል አሉታዊ 300 ከመቶ ይመጣል። ሰውዬው አትርፎ ሳለ ቀመሩ ወደቀ ይለዋል። አማዞን የተባለው ኩባንያ በ2022 ዓመት 2.7 ቢሊዮን ዶላር ከስሮ በ2023 ደግሞ 30.4 ቢሊዮን አተረፈ። ቀመሩ በጭፍኑ ከተሠራበት የተጣራ ትርፉ ከ1,200 ከመቶ በላይ አሽቆለቆለ የሚል መልስ ይሰጣል። አንዳንድ ሠሪዎች የመነሻውን ምልክት ትተው በፍጹም ዋጋው ያካፍላሉ፤ ያን ጊዜ 1,200 ከመቶ አደገ ይመጣል። ምልክቱ ይቃናል እንጂ ቁጥሩ ትርጉም አይኖረውም። የሚሻለው መቶኛውን ባዶ ትቶ «መነሻው ኪሳራ ስለሆነ መቶኛ አይሰላም» ብሎ ሁለቱን ቁጥሮች እንዳሉ ማቅረብ ነው። ወኪሉ ይህን ሲያይ «አምና ከስሮ ነበር፣ ዘንድሮ አተረፈ» ብሎ ይጽፋል። ማንም ሰው የሚረዳው ይህንኑ ነው።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ ትንሽ የምትመስል ነገር አለች፤ ባዶና ዜሮ። የአንድ ተማሪ የፈተና ውጤት በመዝገብ ላይ ባዶ ከሆነ አልተፈተነም ማለት ነው፤ ዜሮ ከሆነ ተፈትኖ አላገኘም ማለት ነው። ሁለቱን ያምታታ መምህር ከወላጅ ጋር ይጣላል። መሣሪያውም መረጃ ባላገኘ ጊዜ ዜሮ ከላከ ወኪሉ «ኩባንያው አላደገም» ብሎ ይጽፋል። መረጃ የሚጠፋበት ምክንያት ደግሞ ብዙ ነው። ለምሳሌ ፌስቡክ በኦክቶበር 2021 ስሙን ወደ ሜታ ለውጦ በጁን 2022 የገበያ ምልክቱን ከኤፍ ቢ ወደ ሜታ ቀይሯል። በአሮጌው ምልክት የሚፈልግ መሣሪያ የኩባንያውን አዲስ ቁጥር ሊያጣው ይችላል። ኩባንያው ግን አለ።

የመቶኛ አጻጻፍም አለ። 0.126 እና 12.6 አንድ ነገር ሊሆኑ ይችላሉ። መልሱ የቱ እንደሆነ ካልተጻፈ የ12.6 ከመቶ ዕድገት የ0.126 ከመቶ ወይም የ1,260 ከመቶ ሆኖ ይነበባል። ይህን አንድ ምሳሌ በቂ ነው፤ «12.6 ማለት አሥራ ሁለት ነጥብ ስድስት ከመቶ ነው» ብሎ መጻፍ።

ብዙዎች የማያስቡት አንድ ነጥብ አለና ከመግለጫው ናሙና በፊት እንናገረው። አንድ ቁጥር የሚመለከተው ጊዜና ቁጥሩ የታወቀበት ቀን የተለያዩ ናቸው። የአፕል የ2023 የበጀት ዓመት ያለቀው ሴፕቴምበር 30 ቀን 2023 ነው፤ ኩባንያው ውጤቱን ይፋ ያደረገው ግን ኖቬምበር 2 ቀን ነው። አሁን አንድ ተመራማሪ «በኦክቶበር አጋማሽ 2023 ላይ ብሆን ኖሮ ምን እገዛ ነበር?» ብሎ ወኪሉን ቢያስሞክረው፣ መሣሪያው ደግሞ ጊዜው ያለቀበትን ቀን ብቻ ቢይዝ፣ ወኪሉ ያኔ ማንም ውጭ ያለ ሰው ያላወቀውን ቁጥር ይጠቀማል። መልሱን አስቀድሞ አይቶ እንደ ተፈተነ ተማሪ ውጤቱ ያማረ ይሆናል፤ በእውነተኛ ገንዘብ ሲሞከር ግን አይደገምም። ስለሆነም መልሱ ይፋ የሆነበትንም ቀን መያዝ አለበት፤ መግለጫውም ይህ ቀን ለምን እንደሚያገለግል መናገር አለበት።

እነዚህን ሁሉ ይዘን ያችን አንድ መስመር መልሰን ብንጽፋት ይህን ትመስላለች። ናሙናው እኛ ለማስረጃ ያህል ያዘጋጀነው ነው።

«በአሜሪካ ገበያ የተመዘገበ አንድ ኩባንያ ለኮሚሽኑ ካስገባው ሒሳብ ተነሥቶ የገቢ፣ የተጣራ ትርፍ ወይም የአንድ አክሲዮን ትርፍ ለውጥን ይሰጣል። የአክሲዮን የገበያ ዋጋ ለውጥን አይሰጥም፤ ጠያቂው ዋጋ ከፈለገ የዋጋውን መሣሪያ ጥራ። ስለ ወደፊቱ ግምት አይሰጥም። ጠያቂው ‹ዕድገት› ብቻ ካለ ገቢን አቅርብ፤ ገቢ መሆኑንም ተናገር። ዓመት ማለት ኩባንያው ራሱ የሚጠራው የበጀት ዓመት ነው፤ ጊዜው የጀመረበትንና ያለቀበትን ቀን ሳትጠቅስ ዓመቱን ብቻ አትጻፍ። ሩብ ዓመት የሚወዳደረው ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ሩብ ጋር ነው፤ ሌላ ከተፈለገ በቅጹ ላይ ምረጥ። ለውጡ በመቶኛ ነው፤ 12.6 ማለት 12.6 ከመቶ ነው። የአንድ አክሲዮን ትርፍ እስካሁን በተደረጉ ምንዛሪዎች ሁሉ ተስተካክሏል፤ እንደገና አታስተካክል። መነሻው ዜሮ ወይም ኪሳራ ከሆነ መቶኛው ባዶ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ሁለቱን ቁጥሮች እንዳሉ ተናገር። ባዶ ማለት ዜሮ አይደለም።»

አንዳንድ አንባቢ ይህ ረዘመ ይል ይሆናል። እውነት ነው፤ ወኪሉ በአንድ ጊዜ ሊይዘው የሚችለው ጽሑፍ ወሰን አለው። ሃምሳ መሣሪያ ቢኖረውና እያንዳንዱ ሁለት ገጽ መግለጫ ቢኖረው፣ ለጥያቄው ማሰቢያ የሚሆነው ቦታ በመግለጫ ይሞላል። ግን ከናሙናው ላይ አንዷን ዓረፍተ ነገር ብናነሣ የትኛው ስሕተት እንደሚመለስ ማመልከት እንችላለን። መጉላት ያለበት እንዲህ ያለው ነው። «ይህ ዘመናዊ፣ ፈጣንና አስተማማኝ መሣሪያ…» የሚለው ውዳሴ ግን ቢወጣ ምንም አይጎድልም። ማስታወቂያ ለገዢ ነው፤ ወኪሉ ገዢ አይደለም።

ሊመረጥ የሚችለው ነገር የታወቀ ከሆነ ደግሞ በመግለጫ ከመለመን ቅጹ ላይ መወሰን ይሻላል። «መለኪያውን ጻፍ» ብሎ ክፍት ከመተው «ገቢ፣ የተጣራ ትርፍ፣ የአንድ አክሲዮን ትርፍ፤ ከሦስቱ አንዱን ምረጥ» ማለት ነው። ምርጫ ጥያቄና የማብራሪያ ጥያቄ ለእርማት እኩል እንዳልሆኑ በምዘና ትምህርታችን ተምረናል አይደል!

የስሕተት መልእክቱም የመግለጫው ወንድም ነው። ወኪሉ የሌለ ምልክት ሞልቶ ቢልክ «ስሕተት» የሚል ደረቅ ቃል ብቻ ቢመለስለት ምን ያደርጋል? ያንኑ ደግሞ ይልካል፤ ወይም የባሰው መጥቶ ከትዝታው ቁጥር ይፈጥራል። «ኤፍ ቢ የሚባል ምልክት ከጁን 2022 ወዲህ አገልግሎት ላይ የለም፤ ሜታ ብለህ ሞክር» ቢባል ግን በሁለተኛው ሙከራ ይሳካለታል። በኤም ሲ ፒ ደንብ እንዲህ ያለው የስሕተት መልእክት እንደ አንድ መልስ ተቆጥሮ ወደ ሞዴሉ እንዲደርስ የሚደረገው ራሱን እንዲያርም ነው። ደብተር ላይ ኤክስ ብቻ አድርጎ የሚመልስና ከኤክሱ አጠገብ አንድ ቃል የሚጽፍ መምህር ልዩነታቸው እዚህ ላይ ነው።

ነገሩ ወደ አገራችንም እየቀረበ ነው። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በጃንዋሪ 2025፣ በእኛ አቆጣጠር በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ መጀመሩ ይታወሳል፤ ወጋገን ባንክም በገበያው ላይ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆኗል። ነገ አንድ ሰው ለአገራችን አክሲዮኖች የዕድገት መሣሪያ ቢሠራ ከላይ ያነሣናቸው ችግሮች በሙሉ ይጠብቁታል፤ ሁለት ደግሞ ይጨመሩበታል። አንደኛ፣ የባንኮቻችን የበጀት ዓመት በሰኔ 30 ስለሚያልቅ አንዱ ዓመት በአማርኛው ሪፖርት 2016፣ በእንግሊዝኛው 2023/24 ተብሎ ይጻፋል። ቅጹ ላይ «ዓመት» ተብሎ ብቻ ቢተው ወኪሉ በሰባትና ስምንት ዓመት ሊስት ነው! ሁለተኛ፣ የብር ምንዛሪ በጁላይ 2024 መጨረሻ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ አንድ ዶላር ከ57 ብር ግድም ተነሥቶ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። በዚያ ዓመት በብር ሲሰላ ያደገ ገቢ በዶላር ሲሰላ የቀነሰ ሊሆን ይችላል። የገንዘቡ ዓይነት በመግለጫው ላይ መጻፍ አለበት፤ የዋጋ ንረት ተቀንሶ ወይም ሳይቀነስ መሆኑም እንደዚሁ።

መግለጫ ጽፈን ጨርሰናል ከማለታችን በፊት ግን መፈተን አለበት፤ ለዚህም ኮምፒውተር እንኳ አያስፈልግም። መግለጫውንና ቅጹን በወረቀት ጽፎ ነገሩን ለማያውቅ ለሌላ ክፍል ሠልጣኝ መስጠትና አሥር ጥያቄዎች ማቅረብ ነው፦ «ኤንቪዲያ በ2024 ምን ያህል አደገ?»፣ «የአማዞን ትርፍ ከ2022 እስከ 2023 በስንት ከመቶ ተለወጠ?» እያሉ። ሠልጣኙ ቅጹን ብቻ ይሙላ፤ ምንም አናስረዳው። አንድ ነገር በቃል ለማስረዳት አፋችንን ከከፈትን ያቺ ያስረዳናት ነገር መግለጫው ላይ የጎደለችው ናት፤ እዚያው እንጻፋት። ከአሥሩ ሁለት ያህሉ ደግሞ መሣሪያው ጨርሶ የማይመልሳቸው ይሁኑ፤ ለምሳሌ «የአፕል አክሲዮን የሚመጣው ዓመት ይጨምራል ወይ?» የሚል። ሠልጣኙ ይህን ሲያነብ ቅጹን ሳይሞላ ወረቀቱን ከመለሰልን መግለጫው ይሠራል።